ካርቶኑ ይከፈትልን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። እኔ ባሕር ዳር ውስጥ ሬዲዮና ቴፕ እየጠገንኩ የምኖር ሰው ነኝ። ጋዜጣችሁን የማነበው ሱቄ ውስጥ ነው፣ በሥራ መሃል። በቅርቡ ያወጣችሁት አንድ ጽሑፍ ግን ብዕር አስነሳኝ። ጸሐፊው ሲዲ የሞተ ዕቃ ነው ይላል። ዛሬም ሲዲ ማጫወቻ ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ የሚዞር ሰው ገንዘቡን እየጣለ ነው ይላል። ሁሉም ነገር ስልክ ላይ አለ፣ ሌላ ምን ያስፈልጋል ነው ነገሩ።

ጸሐፊውን አከብራለሁ። በዚህ ጉዳይ ግን አልስማማም። ሲዲ ማጫወቻ የሚፈልገው ሰው አላለቀም። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው ያለው። ርካሹ ዕቃ ለእነዚህ ሰዎች የሚሸጥበት መንገድ ነው የተበላሸው። ስለዚህ ጉዳይ ሰፋ አድርጌ እንድጽፍ ፍቀዱልኝ።

መጀመሪያ ማን እንደሚፈልገው ልናገር። ከዘጌ በጀልባ የሚመጡ አሉ። ከደቅ ደሴት የሚመጡ አሉ። ቅዳሜ ደግሞ ለገበያ ከዙሪያው የሚገቡ። ሱቄ ጎራ ብለው የሚጠይቁኝ ተመሳሳይ ነው። ሲዲም ሬዲዮም ያለው፣ በመብራትም በባትሪ ድንጋይም የሚሠራ፣ እጀታ ኖሮት ከጓዳ ወደ በረንዳ የሚወሰድ፣ ዋጋው የማይጎዳ ዕቃ የት ይገኛል? ጠያቂዎቹ እናቶችና አባቶች ናቸው። አንዳንዴም ለእናትና ለአባታቸው የሚገዙ ልጆች።

እነዚህ ሰዎች ስልክ የላቸውም ማለት አይደለም። ብዙዎቹ ባለ ቁልፍ ስልክ አላቸው። ባለ መስታወቱ ስልክ ቢገዛላቸው እንኳ ግን ዓይኑ የደከመ ሰው ትንሽ መስታወት ላይ ጣቱን እያንሸራተተ መዝሙር ይፈልግ ማለት ይከብዳል። ሲዲ ማጫወቻ ላይ ክዳኑን ትከፍታለህ፣ ሲዲውን ታስቀምጣለህ፣ ትልቁን ቁልፍ ትጫናለህ። አለቀ። በዚያ ላይ ቤታቸው ያለው ሀብት ሲዲ ነው። መዝሙሩ፣ ስብከቱ፣ የወጣትነታቸው ዘፈን ሁሉ በሲዲ ነው የተገዛው። ብዙው ስልክ ላይ አይገኝም። ቢገኝም ፈልጎ የሚያወጣላቸው ሰው አጠገባቸው የለም።

ሬዲዮውም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ ምን እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ያን ጊዜ ወሬ የሚሰማው በሬዲዮ ነበር። አቧራ ጠጥቶ ከቁም ሳጥን ላይ የወረደውን ሬዲዮ ሁሉ ሰው ወደ እኔ ይዞ ይመጣ ነበር። መብራት ሲጠፋም እንደዚያው ነው። በድንጋይ የሚሠራ ሬዲዮ ያለው ቤት ዜና አያመልጠውም።

አሁን ወደ ገበያው ልግባ።

ርካሽ ዕቃ መግዛት ነውር አይደለም። ይህን በደንብ መናገር እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ሻጮች እንደ ወንጀል ያስመስሉታል። ገዢው ዕቃው ተበላሸብኝ ብሎ ሲመለስ “በዚህ ዋጋ ምን ጠብቀህ ነበር?” ይሉታል። እኔ የርካሹንም የውዱንም ሆድ ከፍቼ አይቻለሁ። ሲዲውን የሚያነበው ክፍል፣ ማለትም ሌንሱና ሲዲውን የሚያሽከረክረው ሞተር፣ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። የሚለያዩት በስፒከሩ፣ በላስቲኩ ጥራትና በላያቸው በተጻፈው ስም ነው። ስለዚህ ርካሹ ዕቃ ለእናታችን ጓዳ ይበቃል። የሚጎዳን ሳናየው መግዛታችን ነው።

አንድ ያሳዘነኝን ነገር ልንገራችሁ። በዘጌ የሚኖሩ አንድ የኔታ አሉ። በዕድሜ የገፉ ናቸው፣ ዓይናቸውም ደክሟል። ከብዙ ዓመት በፊት ያስተማሯቸው መምህር ዜማ ሲያዜሙ በካሴት ተቀድቶ ነበር። መምህሩ አርፈዋል። ካሴቱ ሊበጠስ ሲደርስ አንድ ተማሪያቸው እዚህ ከተማ አምጥቶ ወደ ኮምፒውተር አስገለበጠው፣ ከዚያ ሲዲ ላይ ራይት አስደረገው። ማጫወቻ ሊገዛላቸው ደግሞ ተማሪዎቹ ገንዘብ አዋጡ። ከየት እንደሚያዋጡ እግዜር ይወቅ።

ከተማሪዎቹ አንዱ ልጅ ወደ አንድ ሱቅ ገባ። የሱቁን ስም አልጠራም። ዕቃውን መረጠ። የያዘውን ሲዲ አውጥቶ “እስቲ በዚህ ይሞከርልኝ” አለ። ሻጩ “ካርቶን አይከፈትም፣ ከተከፈተ አይሸጥልኝም” አለው። ለናሙና የቆመ አንድ ዕቃ ነበር፣ እሱ በሱቁ ሲዲ ጥሩ አድርጎ ይዘፍናል። ልጁ በዚያ አምኖ ገዛ። ጀልባ ተሳፍሮ ሄደ።

የኔታ ፊት ከፈቱት። ሬዲዮው ይሠራል። የታተመ የመዝሙር ሲዲ ሲያስገቡ ይሠራል። የመምህራቸውን ድምፅ የያዘውን ሲዲ ሲያስገቡ ግን ትንሽ ዞሮ ይቆማል። ደግመው ቢያስገቡት ያው ነው። ልጁ መልሶ ሱቁ ሄደ። “በሌላ ሲዲ ይሠራል አይደል? ሲዲህ ነው የተበላሸው” ብለው መለሱት። በመጨረሻ ዕቃውን ታቅፎ እኔ ጋ መጣ።

“ጋሼ፣ ሲዲው ከተበላሸ ቁርጤን ይንገሩኝ። ካሴቱ ተበጥሷል፣ ሌላ ቅጂ የለንም” አለኝ። ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሲዲው አልተበላሸም ነበር። በእኔ ማጫወቻ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጥርት ብሎ ተሰማ። ጉድለቱ የአዲሱ ዕቃ ሌንስ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ሲዲ የሚነበበው በዓይን በማይታይ የሌዘር ብርሃን ነው። ብርሃኑ ሲዲው ላይ አርፎ ይመለሳል፣ ዕቃው የተመለሰውን ብርሃን ያነባል። በፋብሪካ የታተመ ሲዲ ብርሃኑን በደንብ ይመልሳል። ራይት የተደረገ ሲዲ ግን ቀለም የተቀባ ንብርብር ስላለው የሚመልሰው ብርሃን ያንሳል። እየተሰረዘ ደጋግሞ የሚጻፍበት ዓይነት ሲዲማ ከሁሉም ያነሰ ነው የሚመልሰው። ሌንሱ ጠንካራ ከሆነ ሁሉንም ያነባል። ደካማ ከሆነ የታተመውን ብቻ ያነብባል። እንግዲህ የሱቁ ሰዎች በታተመ ሲዲ ሞክረው “ይሠራል” ሲሉ እውነታቸውን ነው። ግን የኔታ የፈለጉት ያን አልነበረም።

ሌላ ሌንስ ፈልጌ ቀየርኩለት። ሠራ። ሲጀምር ልጁ ሱቄ ውስጥ ተነሥቶ ቆመ። መምህራቸው ያረፉት እሱ ሳይወለድ ነው፣ ድምፃቸውን ግን ለየው። እኔም ሥራዬን ትቼ አብሬው አዳመጥኩ። ያን ድምፅ ለመስማት የደሀ ተማሪ ገንዘብ ሁለት ጊዜ ወጣበት። ሁለተኛው ወጪ፣ የመመላለሱም ድካም፣ አንዲት ካርቶን በመክፈት ይቀር ነበር።

ለዚህ ነው ካርቶኑ ይከፈት የምለው። ገዢው ራሱ በያዘው ሲዲ፣ ራሱ በሚወስደው ዕቃ ላይ ይሞክር። በናሙናው አይደለም። ክዳኑ ይከፈት፣ ሲዲው ይግባ፣ የመጀመሪያው ዘፈን ይሰማ፣ ከዚያ ወደ መጨረሻው ይዘለል። ሲዲ ንባቡን የሚጀምረው ከመሃል ነው፣ ወደ ጠርዝ እየሰፋ ይሄዳል። ደካማ ዕቃ ብዙ ጊዜ መጀመሪያው ላይ ደህና መስሎ ጠርዙ ላይ ሲደርስ ይንተባተባል። ሙሉ የሆነ ሲዲ ይዛችሁ ሂዱ። ይህን ለማየት ሻይ ጠጥቶ የሚጨርሱበት ጊዜ እንኳ አይፈጅም።

ራይት የተደረገ ሲዲ ሲባል ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። እንደ መደበኛ ሲዲ የተጻፈው እስከ 80 ደቂቃ ይይዛል። ድምፁ ታምቆ በኤም ፒ ስሪ የተሞላው ግን አንዱ ሲዲ ላይ ከ10 ሰዓት በላይ ዘፈን ሊይዝ ይችላል። ሰፈራችን ውስጥ “መቶ ዘፈን ያለበት” እየተባለ ይሸጥ የነበረው እሱ ነው። ሁሉም ማጫወቻ ኤም ፒ ስሪ አይከፍትም። የሚከፍተው ከሆነ ፊቱ ላይ ወይም ካርቶኑ ላይ ተጽፏል። ካልተጻፈ በሙከራ ይታይ። የሰርግ ሲዲ ብለው ይዘው የሚመጡ እናቶችም አሉ። እሱ ምስል ያለው ቪሲዲ ወይም ዲቪዲ ነው፣ በዚህ ዕቃ አይከፈትም። ሻጩ ይህን አስቀድሞ ቢነግራቸው ምን ይጎዳዋል?

ወደ መብራቱ ልምጣ። እዚህ ላይ የሚቃጠለው ገንዘብ በጣም ያንገበግበኛል። አንዲት የሽምብጥ ሰፈር እናት ልጃቸው ከአሜሪካ የላከችላቸውን ቆንጆ ሲዲ ማጫወቻ ይዘው መጡ። “ልጄ፣ ገና ሶኬት ላይ ሲሰካ ጭስ ሸተተኝ” አሉኝ። ጀርባውን ገልብጬ አየሁት። 120 ቮልት ይላል። የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው። ውስጡ ያለው ትራንስፎርመር ተቃጥሏል። ልጃቸው ከደመወዟ ቆጥባ የላከችው ነው። እሳቸው ስለ ዕቃው ሳይሆን ስለ እሷ ልፋት ነበር የሚያዝኑት።

ከውጭ ለቤተሰብ የምትልኩ ልጆች እባካችሁ ጀርባውን አንብቡ። 220 ወይም 230 የሚል ቁጥር፣ አለዚያም ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ ችግር የለም። 110 ወይም 120 ብቻ የሚል ከሆነ ግን 220ውን የሚቀንስ ትራንስፎርመር አብሮ ያስፈልጋል። የጃፓኑማ 100 ነው። አንዳንዱ ዕቃ ጀርባው ላይ በጥፍር የሚገፋ መቀየሪያ አለው። ሳይሰካ በፊት ወደ 220 መገፋት አለበት። ይህን የማያውቅ ሰው ሳጥኑን ከፍቶ በደስታ ነው የሚሰካው። በዚህ መልክ የመጡ ዕቃዎች እዚህ ገበያም ይሸጣሉ፣ ከሻጩ ግን ምንም አይነገርም። ይህ ዝምታ ለእኔ ማታለል ነው።

ከጃፓን የመጡ ያገለገሉ ዕቃዎች ሌላም ነገር አላቸው። ጥራታቸው ግሩም ነው፣ ድምፃቸው ከአዲሱ ርካሽ ዕቃ ይበልጣል። ግን የጃፓን ኤፍ ኤም የሚጀምረው ከ76 ነው፣ የድሮዎቹ 90 ላይ ያበቃሉ። የእኛ ኤፍ ኤም ከ87.5 እስከ 108 ነው። ኤፍ ኤም ባሕር ዳር የሚገኘው 96.9 ላይ ነው። ስለዚህ ያ ዕቃ መቃኛውን እስከ ጥግ ብታዞረው እንኳ የከተማህን ጣቢያ አያገኝልህም። መኪና ከጃፓን ያስመጡ ሰዎች ይህን ችግር ያውቁታል። ሬዲዮው ሲገዛ ሱቁ ውስጥ በርቶ 96.9 ይፈለግ። ካልተገኘ መቃኛው ላይ የመጨረሻው ቁጥር ስንት እንደሆነ ይታይ።

አጭር ሞገድም አለ። ከአዳዲሶቹ ርካሽ ዕቃዎች ብዙዎቹ ኤፍ ኤም ብቻ ናቸው፣ አንዳንዶቹ መካከለኛ ሞገድ ይጨምራሉ። ለከተማ ሰው ይበቃው ይሆናል። ለደሴትና ለገጠር ሰው ግን አጭር ሞገድ ትልቅ ነገር ነው። ኤፍ ኤም ቀጥ ብሎ ነው የሚጓዘው፣ ተራራ ከከለለው ይቆማል። አጭር ሞገድ ግን ወደ ላይ ወጥቶ ከሰማዩ ላይኛው ንብርብር ተመልሶ ይወርዳል፣ ለዚህ ነው ከሌላ አህጉር የሚመጣልን። ዶይቼ ቬለ እ.ኤ.አ. በ1965 የአማርኛ ዝግጅት ሲጀምር አባቶቻችን የሰሙት በዚሁ መንገድ ነው። ዛሬም አመሻሽ ላይ አንቴናውን መዝዘው የሚጠብቁ አባቶች አሉ። ለእነሱ ኤፍ ኤም ብቻ ያለው ዕቃ መሸጥ ግማሽ ሬዲዮ መሸጥ ነው። “ኤስ ደብልዩ”፣ ማለትም አጭር ሞገድ፣ የሚል ጽሑፍ መኖሩን ሳያዩ አይግዙ።

አንድ ነገር በጣም የሚያናድደኝ ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው የዋት ቁጥር ነው። በእጅ የሚንጠለጠል ዕቃ ላይ 1000 ዋት፣ 2000 ዋት ተብሎ ይጻፋል። አጠገቡ በትናንሽ ፊደል ፒ ኤም ፒ ኦ ይላል። እሱ ቁጥር ሰው ለማስጎምጀት የተጻፈ ነው። እውነተኛው ጀርባው ላይ አለ። ዕቃው ከሶኬት የሚወስደው 12 ወይም 15 ዋት ነው ተብሎ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። 15 ዋት የሚበላ ዕቃ 1000 ዋት ድምፅ ከየት ያመጣል? ለአንድ ክፍል ቤት ደግሞ ሁለት ሦስት ዋት በቂ ነው። ስለዚህ ለቁጥሩ ተብሎ ተጨማሪ ብር አይከፈል።

ስለ ድንጋይ ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ለሐይቁ ሰው ዋናው ወጪ እሱ ነው። እነዚህ ዕቃዎች ብዙ ጊዜ ትልልቁን ድንጋይ ስድስት ወይም ስምንት ይጠይቃሉ። አንዱ 1.5 ቮልት ነው፣ ስድስቱ 9፣ ስምንቱ 12 ይሆናል። ሬዲዮ ብቻ ሲከፈት ድንጋዩ ረጅም ጊዜ ይቆያል። ሲዲ ሲሆን ግን ሞተሩም ሌዘሩም ስለሚበሉ ቶሎ ያልቃል። በዚህ ምክንያት “ድንጋዩ ፎርጅድ ነው” ብለው የሚጣሉ ሰዎች አሉ። ድንጋዩ ደክሞ ሲዲው እምቢ ሲል ሬዲዮው ገና ሊሠራ ይችላል፣ ስለዚህ ወዲያው አይጣል። አዲስና አሮጌ ግን አይደባለቅ። ዕቃው ለሳምንታት የማይሠራ ከሆነ ድንጋዩ ይውጣ። ውስጡ ፈስሶ ስፕሪንጉን በልቶት የሚመጣልኝ ዕቃ ብዙ ነው፣ በተለይ በክረምት፣ ሐይቁ ዳር እርጥበቱ ሲበዛ።

በሶላር የምትጠቀሙ ደግሞ አንድ ነገር አስተውሉ። ጀርባው ላይ ለውጭ ኃይል የምትሆን ትንሽ ቀዳዳ ካለች፣ አጠገቧ ስንት ቮልት እንደምትቀበልና የመሃሉ ፕላስ ይሁን ማይነስ በምልክት ተሥሏል። 9 ቮልት በሚለው ላይ 12 አይሰካ። ፕላስና ማይነስ ከተገለበጠም ዕቃው በአንዴ ሊሞት ይችላል። ይህን ምልክት ሻጩ በጣቱ ቢያሳይ ብዙ ዕቃ ይተርፋል።

ሲዲ አያያዙንም ካነሳሁት ላይቀር ልጨምር። ሰው ሁሉ የሚጠነቀቀው ለሚያብረቀርቀው ገጽ ነው። ብርሃኑን የሚመልሰው ስስ ሽፋን ግን ያለው በጽሑፉ በኩል ነው፣ ከጽሑፉ ሥር። በዚያ በኩል በጥፍር ወይም በሹል እስክሪብቶ ከተጫረ መፍትሔ የለውም። በሚያብረቀርቀው በኩል ያለ ቀላል ጭረት ግን ዕቃው በራሱ ስሌት ይሞላዋል። ሲጠረግም ዙሪያውን እያዞሩ አይደለም። ከመሃል ወደ ጠርዝ ቀጥ አድርጎ ነው፣ በለስላሳ ጨርቅ። ራይት የተደረገ ሲዲ ፀሐይ ላይ አይቀመጥ፣ ቀለሙ ይደበዝዛል። መስኮት ላይ ደርድረው የሚያስቀምጡ ቤቶች አይቻለሁ፣ እባካችሁ አንሡት። በጠዋት ከሐይቁ ብርድ ወደ ሞቀ ቤት የገባ ዕቃም ሌንሱ ጤዛ ስለሚይዝ ለጥቂት ጊዜ ላያነብ ይችላል። ተበላሸ ብላችሁ ከመሮጥ በፊት ትንሽ ጠብቁት። ክዳኑ ተከፍቶ አይዋል፣ አቧራ ዋናው ጠላቱ ነው። ወደ ሌንሱም ዓይናችሁን አስጠግታችሁ አትመልከቱ።

አሁን ወደ ሻጮች ልመለስ። በከተማችን ሐቀኛ ነጋዴዎች አሉ። መብራት ሰክተው፣ ሲዲ አስገብተው፣ አሰምተው የሚሸጡ አውቃለሁ። ደንበኛዬን ሁሉ ወደ እነሱ ነው የምልከው። ካርቶን አንከፍትም የሚሉት ግን እየበዙ ነው። ምክንያታቸውን ሰምቻለሁ። ዕቃው ከተከፈተ ሌላ ገዢ አሮጌ ይመስለዋል ይላሉ። ስጋታቸው ይገባኛል። ግን ሁሉም ሱቅ ቢከፍት ማንም ገዢ የተከፈተ ካርቶን አይጠራጠርም ነበር። እንዲያውም ያልተከፈተውን ነው የሚጠራጠረው። ልብስ እየተለካ፣ ጫማ እየተለካ፣ በርበሬ እንኳ እየተቀመሰ በሚገዛበት ከተማ የደከመ አባት ሬዲዮ ሳይሰማ ይግዛ ማለት ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

ሕጉም ቢሆን ከገዢው ጋር ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። ዕቃ ስላየ ወይም ዋጋ ስለተደራደረ ብቻ እንዲገዛ አይገደድም። ጉድለት ያለበት ዕቃ ከገዛም ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ ከነደረሰኙ መልሶ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። “የተሸጠ ዕቃ አይመለስም” የሚል ወረቀት ግድግዳ ላይ ስለተለጠፈ ይህ መብት አይጠፋም። ለዚህ ግን ደረሰኝ ያስፈልጋል። ከዘጌ የመጣው ልጅ ደረሰኝ አልተሰጠውም ነበር። አልጠየቀም፣ ማንም ጠይቅ ብሎ አልነገረውም። ደረሰኝ ላይ ደግሞ የዕቃው ስምና ሞዴል ይጻፍ። “አንድ ሬዲዮ” ብሎ መጻፍ ምንም አይጠቅምም።

የንግድ ቢሮ ሰዎችን አንድ ነገር እለምናለሁ። የዘይትና የስኳር ዋጋ ለማየት በየሱቁ ስትዞሩ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅንም እግረ መንገዳችሁን ግቡ። 110 ቮልት ዕቃ ያለ ማስጠንቀቂያ ተደርድሮ እንደሆነ ተመልከቱ። በአማርኛ የተጻፈ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ዕቃው ላይ ይለጠፍ። ስንት ቮልት እንደሆነ፣ የትኛውን ሞገድ እንደሚይዝ፣ ኤም ፒ ስሪ ይከፍት እንደሆነ፣ ስንት ድንጋይ እንደሚፈልግ። አስመጪዎች ይህን ማተም አይከብዳቸውም። ካርቶኑ ላይ ያለውን የእንግሊዝኛና የቻይንኛ ጽሑፍ እነዚያ እናቶች እንዲያነቡት አይጠበቅም።

ለልጆችም መልእክት አለኝ። ለወላጆቻችሁ ይህን ዕቃ ስትገዙ መልኩን አትዩ። ብልጭ ድርግም የሚል መብራት አይፈልጉም። ቁልፎቹ ትልልቅ ይሁኑ፣ በጨለማ በጣት የሚለዩ። የድምፁ መጨመሪያ የሚዞር ቢሆን ይመረጣል፣ በመጫን የሚጨምረው ያስቸግራቸዋል። መቃኛው በእጅ የሚዞር ከሆነ የሚወዱት ጣቢያ ላይ ምልክት በቀለም አድርጉላቸው። ፍላሽ መሰኪያ ካለው ጥሩ ነው፣ እናንተ ለበዓል ስትመጡ አዲስ መዝሙር ጭናችሁ ትሰኩላቸዋላችሁ። ቤት ያሉትን ሲዲዎችም በዚያው አጋጣሚ ወደ ፍላሽ ገልብጡ፣ ዋናውን ግን አትጣሉ። አንቴናውን ስትመርጡ ሳብ አድርጋችሁ እዩት፣ ሥሩ ላይ የሚወዛወዝ ከሆነ ዓመት ሳይሞላ ይሰበራል።

ለሻጮች አንድ ነገር ላበርክት። ሁለት መሞከሪያ ሲዲዎች ራይት አድርጌ ማዘጋጀት እችላለሁ፣ እስከ ጠርዛቸው የተሞሉ፣ አንዱ እንደ መደበኛ ሲዲ የተጻፈ፣ ሌላው በኤም ፒ ስሪ። ለሚፈልግ ሱቅ ሁሉ ሁለቱንም በነፃ እሰጣለሁ። አጠገባቸው አንድ ሶኬትና ለዕቃው የሚበቃ ድንጋይ ይቀመጥ። አድራሻዬን በዝግጅት ክፍሉ በኩል ማግኘት ይቻላል።

ደብዳቤዬን ከበዓል ገበያ በፊት ብታወጡልኝ ደስ ይለኛል። ልጆች ለወላጆቻቸው ዕቃ የሚገዙት በዚያ ሰሞን ነው።

ከአክብሮት ጋር
ሬዲዮ ጠጋኙ፣ ከባሕር ዳር